ኒስል 1917

ኒስል 1917 ኢኮላይ ከተባለው የአንጀት ባክቴሪያ ዝርያዎች አንዱ ነው። ኢኮላይ ሲባል ብዙ ሰው ትዝ የሚለው ተቅማጥና የሽንት ቧንቧ ሕመም ነው፤ ይህኛው ግን ከመቶ ዓመት በላይ በፕሮባዮቲክነት፣ ማለትም በሕይወት እያለ ተውጦ ለጤና እንዲበጅ ሲሰጥ ኖሯል። ዛሬ ደግሞ ከካንሰር ምርምር ጋር ስሙ ይነሣል።

ያገኘው ጀርመናዊው ሐኪም አልፍሬድ ኒስል ነው። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ወደ ባልካን ከዘመቱት መካከል ጓዶቹ በተቅማጥ ሲወድቁ እሱ ምንም ያልሆነ አንድ ወታደር ነበር። ኒስል እ.ኤ.አ. በ1917 ከዚህ ወታደር ሰገራ ባክቴሪያውን ለይቶ አራባውና ሙታፍሎር በሚል ስም መድኃኒት አደረገው። ጀርመን ውስጥ የትልቁ አንጀት ቁስለት እንዳያገረሽ ሲታዘዝ ቆይቷል።

ከካንሰር ጋር ያገናኘው የዕጢ ጠባይ ነው። ፈጥኖ የሚያድግ ዕጢ ደም በበቂ ስለማይደርሰው መሐሉ ኦክስጅን ያጥረዋል፤ የሰውነት መከላከያ ሕዋሳትም እዚያ ይደክማሉ። ኒስል የተባለው ባክቴሪያ ግን ያለ ኦክስጅን መኖር ይችላል። ደም ውስጥ የገባው በመከላከያው ሲጠረግ ዕጢ ውስጥ የተሸሸገው ግን ይራባል። ተመራማሪዎችም ይህን አይተው ዘረ መሉን እየለወጡ የፈለጉትን ያሸክሙት ጀመር።

በ2015 አሜሪካ ውስጥ ታል ዳኒኖና ባልደረቦቹ ካንሰር ጉበታቸው ላይ ለተሠራጨባቸው አይጦች ይህን ባክቴሪያ በአፍ ሰጧቸው። ባክቴሪያው ከአንጀት ተነሥቶ ጉበት ውስጥ ያለው ዕጢ ላይ ሰፈረ፤ በዚያ ያመረተው ኢንዛይም በመርፌ የተሰጣቸውን ንጥረ ነገር ሰነጠቀ፤ ምልክቱም በሽንታቸው ታየ።

ሲንጋፖር ውስጥ የተደረገ ሌላ ሙከራ ደግሞ ከወጥ ቤት ብዙም አይርቅም። ጥቅል ጎመን ሲከተፍ የሚሰነፍጠው ማይሮሲኔዝ የተባለ ኢንዛይም በቅጠሉ ውስጥ ያለውን ንጥረ ነገር ስለሚለውጠው ነው። የሲንጋፖር ብሔራዊ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ2018 ይፋ ባደረጉት ሥራ ኒስል በትልቁ አንጀት ካንሰር ሕዋስ ላይ እንዲጣበቅና ይህንኑ ኢንዛይም እንዲያመነጭ አደረጉት። ኢንዛይሙ የጎመን ዘመድ ከሆነው ብሮኮሊ ጋር ሲገናኝ ሰልፎራፌን የተባለውን፣ የካንሰር ሕዋስን የሚገድል ንጥረ ነገር ያስገኛል። ሁለቱን አብረው የተመገቡት አይጦች ዕጢያቸው ቀነሰ።

አይጥ ግን ሰው አይደለም። በሰው ላይ የተደረገው የመጀመሪያ ደረጃ ሙከራ ነው፤ የተለወጠው ኒስል በቀጥታ ዕጢ ውስጥ ተወግቶ በዋናነት ደኅንነቱ ተፈትሿል። የሙታፍሎር ካፕሱልም ሆነ ከሱቅ የሚገዛ ሌላ ፕሮባዮቲክ የካንሰር መድኃኒት አይደለም። እንዲያውም ሜላኖማ በተባለው የቆዳ ካንሰር ታመው ኢሚዩኖቴራፒ፣ ማለትም የሰውነትን መከላከያ የሚያነቃ ሕክምና፣ በሚወስዱ ሰዎች ላይ በ2021 የወጣ ጥናት የተሻለ ውጤት ያየው ፋይበር ያለው ምግብ በበቂ የሚበሉትና ፕሮባዮቲክ የማይወስዱት ዘንድ ነው።

ሌላም ጣጣ አለ። ኒስል ራሱ ኮሊባክቲን የተባለ፣ ዲኤንኤን የሚጎዳ መርዝ ያመርታል። ይህ መርዝ የሚተወው አሻራ በ2020 በአንዳንድ የትልቁ አንጀት ካንሰር ሕሙማን ዕጢ ውስጥ ተገኝቷል፤ አሻራው የተለየው ግን በሌላ የኢኮላይ ዝርያ ነበር። መርዙን ነቅሎ መጣል ቀላል መፍትሔ ይመስላል። የፈረንሳይዋ ቱሉዝ ተመራማሪዎች በ2012 ሲሞክሩት የአይጦችን አንጀት ይፈውስ የነበረው ኃይል አብሮ ጠፋ። በ2019 ግን መርዙን ከሚሠራው ፕሮቲን አንዲት ነጥብ ብቻ ሲለወጥ መርዙ ቀርቶ ጎጂ ባክቴሪያዎችን የመመከት ችሎታው ተረፈ።