ፊኢማ

ከኮምቦልቻ በባቲ በኩል የሚወርደው መንገድ ከጅቡቲው አውራ ጎዳና ጋር በሚገናኝበት በሚሌ አካባቢ፣ ከደጋ የመጣ እንግዳ «ፊኢማ» የሚለውን ቃል ሲሰማ «እንደ እድር ነው? እኔስ መመዝገብ እችላለሁ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

ፊኢማ የአፋሮች የእኩዮች ማኅበር ነው። አባልነቱ በማመልከቻ አይገኝም፤ ወጣቱ ዕድሜው ሲደርስ ከእኩዮቹ ጋር አብሮ ይገባል። ሴቶችም የራሳቸው አላቸው። መሪው «ፊኢማ አባ» ይባላል።

ሥራው ምንድን ነው? ችግር የደረሰበትን አባል መርዳት፣ የተዘረፈ ከብት ማስመለስ፣ በሠርግና በሐዘን ጊዜ መተባበር። ከሁሉ በላይ ግን ሽማግሌዎች በ«መድዓ»፣ በባህላዊው ሕግ፣ የወሰኑትን ማስፈጸም ነው። ጥፋተኛው «አልቀጣም» ብሎ ካንገራገረ የፊኢማ ወጣቶች መንጋው ድረስ ሄደው ከብቱን ያርዱበታል። ዘመድ ነው ተብሎ አይታለፍም።

እድርተኛ ወርኃዊ መዋጮ ይከፍላል፤ የፊኢማ አባል በዋናነት የሚያዋጣው ጉልበቱንና ታዛዥነቱን ነው።

ስለዚህ ፊኢማን «የወጣቶች ማኅበር» ብሎ ማለፍ ያሳንሰዋል። መረዳጃም ነው፣ ሕግ አስከባሪም ነው፤ ሚሌ ለመኖር የሚመጣ ሰው አባል ባይሆንም ሥልጣኑን ማወቅና ማክበር ይገባዋል።