ስሙን የተነፈገ ወረርሽኝ

በዶራቪል የመጨረሻው የባቡር ጣቢያ የምንወርድ ስደተኞች፣ የአሜሪካ የበሽታ መቆጣጠሪያና መከላከያ ማዕከል ዋና መሥሪያ ቤት በዚችው በአትላንታ መኖሩን እናውቃለን። ስለሆነም መንግሥቶቻችን ከሕዝብ የሸሸጉትን ስንጽፍ የጎረቤታችንን ማኅደር ዘለን ማለፍ አይገባንም። በአላባማ፣ በቱስኪጊ፣ እ.ኤ.አ. ከ1932 ጀምሮ 600 ጥቁር ወንዶች ለጥናት ተይዘው ሳለ፣ ቂጥኝ የነበረባቸው 399ኙ ፔኒሲሊን ከተገኘ በኋላም ሕክምናውን ተነፍገዋል። ጥናቱ በመጨረሻ በዚሁ ማዕከል እጅ ነበር። የቆመውም ፒተር በክስተን የተባለ የቀድሞ የጤና ሠራተኛ ምስጢሩን ለጋዜጠኞች ስላደረሰና ጂን ሄለር እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1972 ስላወጣችው እንጂ መሥሪያ ቤቱ ተጸጽቶ አይደለም።

ወደ ራሳችን እንመለስ። በወሎ ሕዝብ በረሃብና ረሃብ በሚያስከትለው በሽታ ሲረግፍ፣ በሳንሱር የተተበተቡት የአዲስ አበባ ጋዜጦች የሚገባውን አልጻፉም። ዓለም የሰማው የጆናታን ዲምብልቢ ፊልም ጥቅምት 8 ቀን 1966 ዓ.ም. በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ሲታይ ነው። ደርግ ይህንኑ ፊልም ከቤተ መንግሥት ግብር ምስሎች ጋር ቀጣጥሎ መስከረም 1 ቀን 1967 አሳየና በማግሥቱ ንጉሡን አወረደ። የፊልምን ኃይል ከእርሱ የበለጠ የሚያውቅ አልነበረም፤ ስለዚህም ይመስለናል በ1977 መባቻ የአሥረኛ ዓመት በዓሉን ሲያከብር ጋዜጠኞችን ከሰሜን ያገዳቸው። ማይክል በርክና መሐመድ አሚን የኮረምን እልቂት ያሳዩት በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን ነው።

ኢሕአዴግ ደግሞ በሽታውን ሳይሆን ስሙን ደበቀ። ከ1998 ዓ.ም. ጀምሮ ኮሌራ ሲዛመት «አጣዳፊ ተቅማጥና ትውከት» ተባለ፤ አጥሮም «አተት» ሆነ። ሐኪሙም ጋዜጠኛውም ያንኑ ቃል መድገም ነበረበት። ለገበያና ለጉዞ ሲባል ነው የሚሉ አሉ፤ ውኃውን የሚጠጣው ገበሬ ግን የገበያውን ሒሳብ አልተማከረም። በይፋ «ኮሌራ» የተባለው በ2011 ዓ.ም. ነው።

እርግጥ ነው፣ መረጃ የማግኘት መብት በአዋጅ ቁጥር 590/2000 ተደንግጓል። ጠያቂው መልስ ለማግኘት እስከ 30 ቀን ሊጠብቅ ይችላል። ኮሌራ፣ ሕክምና ካልተገኘ፣ በሰዓታት ውስጥ ይገድላል።