ፍራንቲሼክ ድርቲኮልና የብርሃን ጥበብ

ፎቶግራፍ ከተፈለሰፈ ጊዜ ጀምሮ አንድ ጥያቄ ሳይለየው ኖሯል። ይኸውም ፎቶግራፍ ጥበብ ነው ወይስ የመኪና ሥራ ብቻ ነው የሚል ነው። ሠዓሊ አንዱን ትቶ ሌላውን ይመርጣል፤ መኪና ግን በፊቱ የቆመውን ሁሉ ሳይመርጥ ይቀዳል የሚሉ ብዙዎች ነበሩ። እኛ በዚህ ክርክር ላይ ፍርድ ከመስጠታችን በፊት፣ በሥራው መልስ የሰጠ የአንድ ሰው ታሪክ ብንመለከት የሚሻል ይመስለናል። ይህም ሰው የቼኩ ፎቶግራፍ አንሺ ፍራንቲሼክ ድርቲኮል ነው። በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ድርቲኮል በ1883 ዓ.ም. ከፕራግ በስተደቡብ ምዕራብ በምትገኘው በፕርዢብራም ከተማ ተወለደ። አገሩ በዚያን ጊዜ በኦስትሪያና በሀንጋሪ ንጉሠ ነገሥት መንግሥት ሥር ነበረች። ፕርዢብራም በብር ማዕድኗ የታወቀች፣ ሕዝቧም ከመሬት በታች እየሠራ የሚኖር ከተማ ነበረች። በ1892 ዓ.ም. በማዕድኑ ጉድጓድ እሳት ተነሥቶ 319 ሠራተኞች ሲሞቱ ድርቲኮል የ9 ዓመት ልጅ ነበር። ካደገም በኋላ የእነዚህን የማዕድን ሠራተኞች ኑሮና ሥራ በፎቶግራፍ አንሥቷል። ጨለማና ብርሃን ተፋጠው የሚታዩበትን ሥራ ሊወድ የቻለ ሰው የተወለደው እንግዲህ በእንዲህ ያለ ስፍራ ነው።

የልጅነት ምኞቱ ሠዓሊ መሆን ነበር። ነጋዴው አባቱ ግን እንጀራ የሚያበላ ሙያ እንዲይዝ ፈልጎ በከተማው ከነበረ ፎቶግራፍ አንሺ ዘንድ ለተለማማጅነት ሰጠው። ከዚህ በኋላ በ1901 ዓ.ም. ወደ ጀርመን አገር ሄዶ፣ ከተከፈተ ገና አንድ ዓመት በሆነው በሙኒክ የፎቶግራፍ ትምህርት ቤት ገባ። እዚያም እስከ 1903 ዓ.ም. ድረስ የመድኃኒት ቅመማውን፣ የብርሃን አያያዙንና ሥዕል መንደፍን ተማረ። ሙኒክ በዚያ ዘመን የአዲሱ የጌጥ አሣሣልና በምሳሌ የሚናገሩ ሠዓሊዎች መናኸሪያ ስለነበረች፣ ወጣቱ ከክፍል ውጭ ያየውም ከክፍል ውስጥ ከተማረው የሚያንስ አልነበረም። ምኞቱ የቀረበት መስሎ የነበረው ልጅ በሙያው በኩል ዞሮ ወደ ጥበቡ ደረሰ።

በ1910 ዓ.ም. ወደ ፕራግ መጥቶ ፎቶግራፍ ቤቱን ከፈተ። በ1911 ዓ.ም. ከባልደረባው ከአውጉስቲን ሽካርዳ ጋር የአሮጌዋን ፕራግ አጸዶችና ጓሮዎች የሚያሳይ የ50 ሥዕሎች ስብስብ አወጣ። የፕራግ ማዘጋጃ ቤት ለጤና ሲል አሮጌ ሰፈሮችን እያፈረሰ ሰፋፊ መንገዶችን ይሠራ ስለነበረ፣ ሁለቱ ሰዎች ሊጠፋ የተቃረበውን ቀድመው አኖሩት። ሥዕሎቹ የታተሙት በዘይት ቀለም እየተጠቀሙ በእጅ በሚሠራ ዘዴ ነው። በዚህ ዘዴ ሠሪው አንዱን ስፍራ ሊያደምቀው፣ ሌላውን ሊያጠፋው ይችላል። መኪናው ያልመረጠውን የሰው እጅ ይመርጣል ማለት ነው።

ለኑሮው ግን መተዳደሪያ የሆነው የሰዎችን መልክ ማንሣት ነበር። በዚያ ዘመን በብዙ ፎቶግራፍ ቤቶች ልማዱ ደንበኛውን በተቀባ መጋረጃ ፊት ማቆምና፣ ኋላም የፊቱን መጨማደድ በእርሳስ እየደለዙ ማለስለስ ነበር። ከላይ ይመር እንጂ ውስጡን ለቄስ እንደሚባለው መሆኑ ነው። ድርቲኮል ከመልካሞቹ ሥራዎቹ ይህን ጌጥ አስወገደ። ሰውየውን በጨለማ መደብ ላይ አኑሮ ብርሃኑን በፊቱና በእጆቹ ላይ ብቻ ያሳርፍ ነበር። የቼኮስሎቫኪያው ፕሬዚዳንት ማሳሪክ፣ ሠዓሊው አልፎንስ ሙኻ፣ የሙዚቃ ደራሲው ሌኦሽ ያናቼክና የህንዱ ባለቅኔ ታጎር በእርሱ መሣሪያ ፊት ተቀምጠዋል። በእነዚህ ሥዕሎች ላይ ማዕረግና ኒሻን ሳይሆን ሐሳብ የተቀረጸበት ፊት እናያለን።

በ1918 ዓ.ም. ቼኮስሎቫኪያ ነጻ መንግሥት ከሆነች በኋላ የጥበብ ሰዎቿ አዲስ አሠራር ይፈልጉ ጀመር። የፕራግ የሕንፃ ሠሪዎችም ከጦርነቱ በፊት ጀምሮ ቤቶችን በማዕዘንና በተሰበረ መስመር ይሠሩ ነበር። ድርቲኮልም በ1920 ዓ.ም. ዳንሰኛዋን ኤርቪና ኩፕፈሮቫን ካገባ በኋላ በሰው አካል እንቅስቃሴ ላይ አተኮረ። በፎቶግራፍ ቤቱ ውስጥ ከእንጨት የተሠሩ ክቦችን፣ ዓምዶችንና የማዕበል ቅርጾችን እያቆመ፣ ዕርቃን አካልን ከእነዚህና ከሰላ ጥላ ጋር ያዋሕድ ነበር። ጥላው ራሱን የቻለ የሥዕሉ አካል ሆነ። በ1925 ዓ.ም. በፓሪስ በተደረገው የጌጥ ጥበባት ዓለም አቀፍ ትርኢት ታላቅ ሽልማት ተቀበለ።

ከእርሱ ቤት የሠለጠነው ያሮስላቭ ሮስለር ከመምህሩ አልፎ ብርሃንንና ቅርጽን ብቻ ወደሚያሳይ ሥራ ገፋ። ያሮሚር ፉንከና ዮሴፍ ሱደክም በ1924 ዓ.ም. ከወዳጆቻቸው ጋር አዲስ የፎቶግራፍ ማኅበር አቁመው፣ በእጅ የሚደረገውን መዳሰስ ነቅፈው ጥርት ያለውን ፎቶግራፍ ደገፉ። ድርቲኮል በሁለቱ ዘመናት መካከል የቆመ ድልድይ ነበር ብንል ማጋነን አይሆንም።

በመጨረሻም ሕያው ሰው ለሐሳቡ የማይታዘዝ ሆኖ ታየው። ስለዚህ ከወረቀት ካርቶን ቀጫጭን የሰው ቅርጾችን እየቆረጠ በብርሃንና በጥላ መካከል እያቆመ ያነሣ ጀመር። በ1935 ዓ.ም. ፎቶግራፍ ቤቱን ሸጠ፤ በልጅነቱ ወደተመኘው የቀለም ሥዕልና ወደ ቡድሃ ትምህርት ተመልሶ በጸጥታ ኖረ። በ1961 ዓ.ም. በፕራግ ሲሞት ስሙን የሚያስታውሱት ጥቂቶች ነበሩ።

ይሁን እንጂ በ1942 ዓ.ም. አገሩ በጀርመኖች እጅ ሳለች የሥራዎቹን ስብስብ ለፕራግ የጌጥ ጥበባት ሙዚየም ሰጥቶ ነበር። በ1972 ዓ.ም. የታሪክ ጸሐፊዋ አና ፋሮቫ ከዚያ ስብስብ አውጥታ ለሕዝብ ባሳየች ጊዜ፣ የተረሳው ሰው እንደ ገና ታወቀ። ዛሬ ከዘመናዊ ፎቶግራፍ ቀደምት መምህራን መካከል ይቈጠራል።

ከዚህ ታሪክ ሁለት ነገር እንረዳለን። መጀመሪያ፣ ሙያን ከሥሩ መማር የጥበብ ጠላት አይደለም፤ አባት ለእንጀራ ብሎ የሰጠው ሥራ ለልጁ የጥበብ መንገድ ሆኖታልና። ሁለተኛም፣ ጥበብ በሠሪው እጅ ብቻ አትድንም። የሚሰጥ ለጋስ፣ የሚጠብቅ ቤትና ሣጥኑን ከፍቶ የሚመረምር ተማሪ ያስፈልጋታል። ከሦስቱ አንዱ ቢጎድል ኖሮ፣ እኛም ዛሬ ስለ ድርቲኮል የምንጽፈው ነገር ባልኖረን ነበር።