ካሎሪ ወደ አገራችን የገባው በረሃብ በር ነው

ውድ አድማጮቻችን፣ የዛሬው ዝግጅታችን ስለ ውፍረት ነው። ብዙ ቤት እንደ በሽታ ስለማይቆጥረው፣ በተለይ እናቶች ሥራችሁን እየሠራችሁም ቢሆን ጆሯችሁን እንድትሰጡን እንጠይቃለን።

በአሶሳም ሆነ በደሴ፣ ከብዙ ጊዜ በኋላ የተገናኙ ዘመዳሞች «ማሻአላህ፣ ወፍረሻል እኮ!» ቢባባሉ ምርቃት ነው። «ከሳ» ማለት ታመመ ወይም ተቸገረ፣ «ወፈረ» ማለት ደግሞ ደላው ማለት ሆኖ ኖሯል። ይህ የሞኝነት አነጋገር አይደለም። ረሃብን በተደጋጋሚ ያየ ሕዝብ ሰውነት ላይ ያለ ሥጋን እንደ ጎተራ እህል ይቆጥረዋል፤ እውነትም ስብ የሰውነት ጎተራ ነው። ችግሩ ጎተራው መሙላቱን ሳናውቅ መጨመራችን ላይ ነው።

ለመሆኑ ይህ ካሎሪ የሚሉት መለኪያ ከየት መጣ? ቃሉ ሳይኖር ነገሩን ያሰቡበት ነበሩ። እ.ኤ.አ. በ1037 የሞተው ኢብኑ ሲና «አል ቃኑን» በተባለው የሕክምና መጽሐፉ፣ ጤናን ስለመጠበቅ ሲጽፍ የሰውነት እንቅስቃሴን ከምግብና ከእንቅልፍ ጋር አንድ ላይ አስቀምጦታል፤ ከልክ ያለፈ ውፍረት የሚያመጣውን ጉዳትም ጽፏል። ቁጥሩ የመጣው ግን ዘግይቶ ነው። እ.ኤ.አ. በ1780ዎቹ ፈረንሳዊው ላቯዚየ አንዲት ትንሽ እንስሳ በበረዶ በተከበበ ዕቃ ውስጥ አስገብቶ፣ በሰውነቷ ሙቀት የቀለጠውን በረዶ መጠን ለካ። ከሰል ሲነድ ከሚሰጠው ሙቀት ጋር አነጻጽሮም መተንፈስ ማለት ዝግ ያለ መንደድ ነው አለ። ከመቶ ዓመት በኋላ አሜሪካዊው አትዋተር ሰው ለቀናት ገብቶ የሚኖርበት፣ የሚበላበትና የሚሠራበት ክፍል አሠርቶ የሚወጣውን ሙቀት መዘገበ። እስከ ዛሬ የምንሠራበት ሒሳብ የእሱ ነው፦ አንድ ግራም ስኳር ወይም ዱቄት 4 ካሎሪ፣ አንድ ግራም ፕሮቲን 4፣ አንድ ግራም ዘይት ወይም ቅቤ 9።

ወደ አገራችን እንምጣ። እ.ኤ.አ. በ1958 የአሜሪካ መንግሥት ቡድን በኢትዮጵያ ወታደሮችና ሲቪሎች ላይ የምግብ ጥናት አካሄደ፤ ሪፖርቱም በ1959 ወጣ። ቀጥሎ በስዊድን እርዳታ የሕፃናት ምግብ ክፍል ተቋቋመ፤ እሱም ኋላ የኢትዮጵያ ሥነ ምግብ ኢንስቲትዩት ሆነ። ፋፋ የምንለው ዱቄት ከዚያ የወጣ ነው። የጤፍን፣ የማሽላን፣ የበርበሬን የምግብ ይዘት የሚዘረዝር የኢትዮጵያ ሠንጠረዥም በ1960ዎቹ መጨረሻ ታተመ። የዚህ ሁሉ ሥራ ጥያቄ አንድ ነበር፦ ምን ያህል ይጎድላል? መንግሥት እ.ኤ.አ. በ1995/96 የድህነትን መስመር ሲያሰምርም መነሻው ለአንድ አዋቂ በቀን 2,200 ካሎሪ ነበር። ይህንን የሚያሟላ ምግብ ከሌሎች አስፈላጊ ወጪዎች ጋር በዓመት 1,075 ብር ተተመነ። ካሎሪ በእኛ አገር የችግር መለኪያ ሆኖ አደገ ማለት ነው።

ይህንን ከአሶሳ አካባቢ ይበልጥ የሚያሳይ ቦታ ጥቂት ነው። በ1970ዎቹ ከወሎና ከሌሎች ድርቅ ከመታቸው አካባቢዎች ብዙ ሰዎች እዚያ ሰፍረዋል፤ ከመካከላቸው ሙስሊሞቹ ጥቂት አልነበሩም። ጫካ መመንጠርና በዶማ መቆፈር ሰውነትን ምን ያህል እንደሚያስከፍል አስቡት። 60 ኪሎ የሚመዝን ሰው ተቀምጦ በሰዓት 60 ካሎሪ ገደማ ያወጣል፤ ሲራመድ 200፣ ሲቆፍር 300 ይደርሳል። የአስቸኳይ እርዳታው ራሽን ደግሞ ለረጅም ጊዜ ለአንድ ሰው በወር 15 ኪሎ እህል፣ 1.5 ኪሎ ጥራጥሬና 0.45 ሊትር ዘይት ሆኖ ቆይቷል። ለ30 ቀን ሲካፈል በቀን 2,000 ካሎሪ ገደማ ነው። ለተቀመጠ ሰው ይበቃል፤ ቀኑን ሙሉ ለሚቆፍር ግን አይበቃም።

ከአሶሳ ብዙ ሳይርቅ የሱዳን ስደተኞች የሚኖሩበት የሸርቆሌ ጣቢያ ከ1989 ዓ.ም. ጀምሮ አለ፤ የባምባሲ ጣቢያ በ2004 ዓ.ም. ተጨምሯል። በሰኔ 2015 ዓ.ም. የምግብ እርዳታ በመላ አገሪቱ ሲቋረጥ ስደተኞቹ እስከ ጥቅምት 2016 ያለ ራሽን ቆይተዋል። በዚያው ጊዜ በአሶሳ ከተማ ስኳር በሽታና ደም ግፊት ይዟቸው ሐኪም «ክብደት ቀንሱ» የሚላቸው ሰዎች ነበሩ። አንዱ መለኪያ በአንድ መንገድ ላይ ሁለት ትርጉም ያዘ።

የአገሪቱ ቁጥርም ይህንን ያሳያል። በ1992 ዓ.ም. በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ15 እስከ 49 ዓመት ካሉ ሴቶች 30 በመቶው ከመጠን በላይ የከሱ፣ 3 በመቶው ብቻ ከመጠን በላይ የወፈሩ ነበሩ። በ2008 ዓ.ም. የከሱት ወደ 22 በመቶ ወርደው የወፈሩት 8 በመቶ ደረሱ። በከተማ ግን ከመቶ 21 ሲሆኑ በገጠር 4 ብቻ ናቸው።

ምን ተለወጠ? ብዙ ሰው ጣቱን የሚቀስረው ባጃጅ ላይ ነው። የሚራመድ ጠፋ፣ ውኃው በቧንቧ መጣ፣ ወፍጮው በሞተር ሆነ ይባላል። እውነት አለው፤ ግን የወፍጮው ድንጋይ ይመለስ የሚል ሰው ፈጭቶ የማያውቅ ወንድ ነው። ሒሳቡንም እንየው። ግማሽ ሰዓት መራመድ ከመቀመጥ በላይ የሚያስወጣው 70 ካሎሪ ገደማ ነው። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 120 ነው። በዚያ ላይ እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣ ጥናት አስገራሚ ነገር አሳይቷል፦ በታንዛኒያ እያደኑና ሥር እየቆፈሩ የሚኖሩት የሃድዛ ሰዎች በቀን የሚያወጡት ጠቅላላ ካሎሪ፣ የሰውነት መጠን ሲታሰብ፣ በከተማ ከሚኖሩ አሜሪካውያን አይበልጥም። ሰውነት ብዙ ሲሠራ ሌላ ቦታ ይቆጥባል ማለት ነው። መራመድ ለልብና ለደም ስኳር ያለው ጥቅም የተረጋገጠ ነው፤ ለክብደት ግን ማእድ ቤቱ ይበልጣል ብዬ አምናለሁ።

ማእድ ቤት ውስጥ የተለወጠው ጤፉ ወይም ማሽላው አይደለም። «ቀይ ጤፍ አያወፍርም» የሚሉ አሉ፤ ደብረ ዘይት ከሚገኘው ምርምር ማዕከል የወጡት ነጭ ዝርያዎችም ሆኑ ቀዩ በካሎሪ እምብዛም አይለያዩም። የአሶሳ ሰው ከባሚያ ወጥ ጋር የሚበላው የማሽላ ገንፎም አዲስ አይደለም። የበዛው ዘይትና ስኳር ነው። ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ከውጭ የሚገባ የፓልም ዘይት በሸማቾች ማኅበራት በኩል በድጎማ ሲከፋፈል፣ ችግረኛ ቤተሰብን መርዳቱ አይካድም። ግን መጥበስ ለዓውደ ዓመት ብቻ የነበረበት ቤት በየቀኑ መጥበስ ጀመረ። ሻይም አለ፦ በቀን ውስጥ አምስት የሻይ ማንኪያ ስኳር 100 ካሎሪ ነው።

በቀን 100 ካሎሪ ትርፍ ምን ያደርጋል? ድሮ በዓመት 5 ኪሎ፣ በአሥር ዓመት 50 ኪሎ ይጨምራል ይሉ ነበር። ይህ ስሕተት ነው። ሰውነት ሲከብድ ወጪውም ስለሚጨምር፣ ጭማሪው 4 ኪሎ ገደማ ላይ ይቆማል፤ ግማሹ በመጀመሪያው ዓመት፣ ቀሪው በሚቀጥሉት ሁለት ሦስት ዓመታት ይመጣል። ስለዚህ በየዓመቱ የሚወፍር ሰው ትርፉ ራሱ በየዓመቱ እያደገ ነው።

ስለ ረመዷን ሳናነሳ አናልፍም፤ ብዙ ጥያቄ ይመጣልና። በየአገሩ የተደረጉ ጥናቶች እንደሚያሳዩት ጾመኛ በወሩ በአማካይ አንድ ኪሎ ገደማ ይቀንሳል፤ ከዒድ በኋላ ባሉት ሳምንታት አብዛኛውን ይመልሰዋል። ሆድን በሲሶ ስለመክፈል የሚናገረውን ሐዲስ ሁላችንም እናውቀዋለን፤ ኢፍጧር ላይ ግን ሳምቡሳው፣ ሙሸበኩና ጣፋጩ ጭማቂ ከሾርባው ቀድሞ ይገባል። ስኳር በሽታ ያለባችሁ ደግሞ ስለ መድኃኒታችሁ ከረመዷን በፊት ሐኪማችሁን አማክሩ።

ቤት ውስጥ ለመለካት ሚዛን አያስፈልግም፤ የዘይቱ ጀሪካን ይበቃል። ባለ አምስት ሊትሩ ለስድስት ሰው አንድ ወር ከቆየ ለእያንዳንዱ በቀን 230 ካሎሪ ያህል ከዘይት ብቻ ይደርሰዋል። በወር ሁለት ጀሪካን ከሆነ 460። በእርዳታው ራሽን ውስጥ የነበረው ዘይት ለአንድ ሰው በቀን 120 ነበር።