ከትል እስከ አንጎል ዕጢ፦ የማይክሮ አር ኤን ኤ አጭር ታሪክ



ተማሪ ሳለሁ አር ኤን ኤን የማውቀው የዘረ መልን ትእዛዝ ወደ ፕሮቲን የሚያሻግር መልእክተኛ እንደሆነ ብቻ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1993 ቪክተር አምብሮስና ባልደረቦቹ፣ የአንዲት ሚሊ ሜትር የምታህል ትልን ዕድገት ሲያጠኑ፣ ፕሮቲን የማይሠራ ዘረ መል አገኙ፤ ውጤቱ 22 ያህል ፊደላት ብቻ ያሉት ቁራጭ አር ኤን ኤ ነበር። ጌሪ ሩቭኩንም ቁራጩ የሌላውን ዘረ መል መልእክት እንደሚያግድ አሳየ። ብዙዎች ግን የትል ጠባይ ነው ብለው አለፉት። በ2000 ተመሳሳዩ በሰው ውስጥ ሲገኝ ዝምታው ተሰበረ።

በ2005 በግሊዮብላስቶማ፣ ማለትም እጅግ አደገኛ በሆነው የአንጎል ዕጢ፣ ሚር-21 በዝቶ ተገኘ፤ በቤተ ሙከራ ሲታገድም የዕጢው ሕዋሳት ሞቱ። በ2008 ማይክሮ አር ኤን ኤ በደም ውስጥ ሳይፈርስ እንደሚቆይ ታወቀ። የራስ ቅል ሳይከፈት ዕጢን ከደም የመለየት ተስፋም በረታ።

ሆኖም ሚር-21 በሌሎች ካንሰሮችና በብግነት ጊዜም ይጨምራል፤ ስለዚህ ብቻውን ምስክር አይሆንም። በ2016 የዓለም ጤና ድርጅት፣ በ19ኛው ክሮሞሶም ላይ የተሰባሰቡ የማይክሮ አር ኤን ኤ ዘረ መሎች መለወጥን የአንድ ብርቱ የሕፃናት አንጎል ዕጢ መለያ አደረገ፤ የሚነበበው ግን ከዕጢው ናሙና እንጂ ከደም አይደለም።

አምብሮስና ሩቭኩን በ2024 ኖቤል ተሸለሙ። ትናንት ንቀን ዘገየን፤ ዛሬ ቸኩለን ብንሳሳት ግን ዋጋውን የሚከፍለው ታማሚው ነው።