ንጉሥ በጭፍራ የሚማረክበት ገበታ፦ የስካት ጨዋታ ታሪክና ሥርዓት

በጀርመን አገር፣ በቱሪንጊያ ግዛት፣ ከላይፕሲግ በስተደቡብ አልተንቡርግ የምትባል አነስተኛ ከተማ አለች። በከተማይቱ መካከል እ.ኤ.አ. በ1903 የተሠራ የአደባባይ ምንጭ ይገኛል። በየአገሩ አደባባይ የሚቆሙ ሐውልቶች እንደ ልማዳቸው የንጉሥን ወይም የጦር መሪን ግርማ የሚያነሡ ሲሆኑ፣ በዚህኛው ላይ የሚታዩት ግን እርስ በርሳቸው የሚደባደቡ አራት ተራ ጭፍሮች ናቸው። ጭፍሮቹ በየትኛውም የጦር ሜዳ አልዋሉም፤ የመጡት ከካርታ ላይ ነው። የነሐስ ምስላቸው በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ቀለጠ፤ በ1955 እንደገና ተሠርቶ ቆመ። ከጦርነት ፍርስራሽ የወጣ ሕዝብ ለካርታ ጭፍሮች ገንዘቡንና ጉልበቱን ካወጣ፣ ነገሩ ከጊዜ ማሳለፊያ በላይ መሆኑን መጠርጠር ይገባል።

ካርታ ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚታየን ቁማርና የባከነ የሥራ ሰዓት ነው። ይህ ጥርጣሬ መሠረት የለውም አይባልም። ሆኖም የኅብረተሰብን ታሪክ የሚመረምር ሰው ዙፋኑንና የጦር ሜዳውን ብቻ ተመልክቶ የጨዋታውን ገበታ የዘለለ እንደሆነ፣ ሰዎች ደንብ ማውጣትን፣ መተባበርንና መሸነፍን የተለማመዱበትን ሥፍራ ይዘላል። ስካት ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው።

አመጣጡ

ስካት በአንድ ሌሊት በአንድ ሰው አእምሮ የተፈጠረ አይደለም። እ.ኤ.አ. ከ1810 እስከ 1817 ባሉት ዓመታት በአልተንቡርግ የታሮክ ጨዋታ ማኅበር አባላት ልዩ ልዩ ጨዋታዎችን አዋሕደው ቀስ በቀስ ያበጁት ነው። መሠረቱ በአካባቢው ተራ ሕዝብ ዘንድ የቆየው ሻፍኮፕፍ የተባለው ጨዋታ ነበር። ከስፔኑ ኦምብሬ ጨረታውንና አንዱ ብቻውን ሁለቱን የሚገጥምበትን ሥርዓት፣ ከታሮክ ደግሞ ወደ ጎን የሚቀመጡትን ካርታዎች ወሰዱ። ስሙም የመጣው «የተጣለ፣ የተተወ» የሚል ትርጉም ካለው የኢጣልያንኛ ቃል ነው። ከተጫዋቾቹ መካከል መስፍናዊው ባለሥልጣን ሃንስ ካርል ሌዮፖልድ ፎን ዴር ጋቤሌንትስ፣ ጠበቃው ፍሪድሪክ ፌርዲናንድ ሄምፔል፣ በመዝገበ ዕውቀቱ የታወቀው አሳታሚ ፍሪድሪክ አርኖልድ ብሮክሃውስ ይጠቀሳሉ። በ1813 ናፖሌዎን ድል የሆነበት ታላቅ ጦርነት በላይፕሲግ ዙሪያ ሲካሄድ፣ በጎረቤት ከተማ ያሉት እነዚህ ሰዎች የራሳቸውን ትንሽ ጦርነት ሕግ እያበጁ ነበር። ጨዋታው በተማሪዎችና በወታደሮች አማካይነት በመላው ጀርመን ተሠራጨ።

አሰላለፉ

ካርታዎቹ 32 ናቸው። በአልተንቡርግ አካባቢ የተለመዱት የጀርመን ካርታዎች አራት ምልክቶች አሏቸው፤ እነርሱም የኦክ ዛፍ ፍሬ፣ ቅጠል፣ ልብና ቃጭል ናቸው። በእያንዳንዱ ምልክት ሥር አስ፣ አሥር፣ ንጉሥ፣ አለቃ፣ ጭፍራ፣ ዘጠኝ፣ ስምንትና ሰባት ይገኛሉ። አለቃና ጭፍራ ያልኳቸው በጀርመንኛ «ኦበር» እና «ኡንተር»፣ ማለት የበላይና የበታች ይባላሉ። መለያቸው ቀላል ነው፤ የአለቃው ምልክት በካርታው ላይኛ ክፍል ሲሳል፣ የጭፍራው ከታች ይሳላል።

ዋጋቸውም እንዲህ ነው። አስ 11፣ አሥር 10፣ ንጉሥ 4፣ አለቃ 3፣ ጭፍራ 2 ነጥብ ያስገኛል፤ ዘጠኝ፣ ስምንትና ሰባት ባዶ ናቸው። የአንዱ ምልክት ድምር 30፣ የአራቱም 120 ይሆናል።

አዳዩ መጀመሪያ ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሦስት ሦስት ይሰጥና ሁለት ካርታ እንደ ተከደነ በመካከል ያስቀምጣል፤ ይህ ስካቱ ነው። ከዚያም አራት አራት፣ በመጨረሻም ሦስት ሦስት ያድላል። ስለዚህ እያንዳንዱ አሥር ካርታ ይይዛል። ቀጥሎ ጨረታ ይከፈታል። ከአዳዩ በስተግራ ያለው ፊተኛ፣ ቀጥሎ ያለው መካከለኛ፣ የመጨረሻው ኋለኛ ይባላል። መካከለኛው ከ18 ጀምሮ ቁጥር እየጠራ ፊተኛውን ይፈትናል፤ ፊተኛው «እይዛለሁ» ወይም «አልፋለሁ» ይላል። ከሁለቱ የቀረውን ኋለኛው ይፈትነዋል። ያሸነፈው ብቸኛው ተፋላሚ ይሆናል፤ የቀሩት ሁለቱ ተባብረው ይገጥሙታል።

ቁጥሩ ባዶ ጉራ ሳይሆን ቃል ኪዳን ነው። የቃጭል መነሻ ዋጋ 9፣ የልብ 10፣ የቅጠል 11፣ የፍሬ 12 ነው። ይህ መነሻ ከፍተኛዎቹ ገዢ ካርታዎች በተከታታይ በእጅ በመኖራቸው ወይም ባለመኖራቸው ቁጥር ላይ አንድ ተጨምሮ ይባዛል። ለምሳሌ ያህል በቅጠል የሚጫወት ሰው ሁለቱን ከፍተኛ ጭፍሮች ይዞ ሦስተኛው ከሌለው፣ 2 ሲደመር 1 ሦስት ይሆናል፤ 3 በ11 ሲባዛ 33 ነው። ከዚያ በላይ ተጫርቶ የጨዋታው ዋጋ ጨረታውን ካልሞላለት እንደ ተሸነፈ ይቆጠራል፤ የተሸነፈ ጨዋታም በእጥፍ ይቀነስበታል።

ውጊያው

ብቸኛው ስካቱን አንሥቶ የማይፈልጋቸውን ሁለት ካርታዎች ይጥላል፤ ነጥባቸው ግን ለእርሱ ይታሰባል። ከዚያ ገዢውን ምልክት ያውጃል። አራቱ ጭፍሮች ሁልጊዜ ገዢዎች ሲሆኑ ቅደም ተከተላቸው ፍሬ፣ ቅጠል፣ ልብ፣ ቃጭል ነው። ከእነርሱ ቀጥሎ የታወጀው ምልክት ሰባት ካርታዎች ይሰለፋሉ፤ ገዢዎቹ በጠቅላላው 11 ይሆናሉ። «ግራንድ» በተባለው ጨዋታ ደግሞ ጭፍሮቹ ብቻ ይገዛሉ።

ፊተኛው አንድ ካርታ ይጥላል፤ ሌሎቹ ያንኑ ምልክት ካላቸው መከተል ግዴታቸው ነው፤ ከሌላቸው በገዢ መምታት ወይም ሌላ መጣል ይችላሉ። ከፍተኛውን የጣለ ሦስቱን ካርታ ይማርካል፤ ቀጣዩንም ዙር ይከፍታል። ከአሥሩ ዙር በኋላ ነጥብ ይቆጠራል። ብቸኛው ለማሸነፍ 61 ያስፈልገዋል፤ ሁለቱ ተባባሪዎች ግን 60 ይበቃቸዋል። ሌሎቹን ተባብረው እንዲገጥሙት በገዛ ፈቃዱ የጠራ ሰው፣ እኩሌታ አይበቃውም።

የጨዋታው ድራማ ያለው በተባባሪዎቹ ዘንድ ነው። መነጋገር አይፈቀድላቸውም፤ መጠቃቀስም እንደዚሁ። አንዱ የልብ አስ ይጥላል እንበል። ብቸኛው የልብ ንጉሥ ብቻ ስላለው ሳይወድ ይሰጣል። ሁለተኛው ተባባሪ ልብ የለውም፤ በእጁ ያለውን የቅጠል አሥር በጓደኛው ምርኮ ላይ ይጨምራል። 11፣ 4ና 10 ተደምሮ 25 ነጥብ ይሆናል፤ ይህም ከሚፈለገው 60 እኩሌታ በጥቂቱ ብቻ ያነሰ ነው። አሥሩን ለራሱ ለማቆየት የሳሳ ሰው ሁለቱንም ያስሸንፋል። እኔ በቴአትር ሥራ ላይ የተዋንያንን ዝምታ ለማብራራት ብዙ ቃል አባክኛለሁ፤ ይህ አንድ ዙር ግን ከዚያ ሁሉ ቃል የተሻለ ይናገራል።

ከገበታው በስተጀርባ

ወደ ንጉሡ እንመለስ። ንጉሡ አራት ነጥብ ብቻ አለው፤ አሥር ቁጥር ይበልጠዋል፤ ማንኛውም ጭፍራ ይማርከዋል። ይህን አይቶ «እነሆ አብዮት በካርታ!» ማለት ቀላል ነው። ነገር ግን ታሪክን ማስጌጥ አይገባም። የፈረንሣይ አብዮተኞች በ1793 ንጉሡን፣ ንግሥቲቱንና ጭፍራውን ከካርታ ላይ ፍቀው በነፃነትና በእኩልነት ምስሎች ተክተዋቸው ነበር፤ ነገሥታቱ ግን ብዙ ሳይቆዩ ወደ ካርታው ተመለሱ። የአልተንቡርግ ሰዎች ደግሞ ምስሉን አልነኩም፤ ከሕዝቡ ጨዋታ የተረከቡትን የጭፍራ የበላይነት እንዳለ አቆዩ እንጂ። ከገበታው ውጭ የአልተንቡርግ መስፍን በሥልጣኑ ቀጠለ፤ የመጨረሻው መስፍን ዙፋኑን የለቀቀው በ1918 ነው። ገበታ ላይ የወደቀ ንጉሥ በአዳራሹ ቆሞ ሊቀር ይችላል።

ሆኖም ጨዋታው አንድ ረቂቅ ፌዝ አለው። «ኑል» በተባለው ዓይነት ገዢ ካርታ የለም፤ ንጉሡም ከአስ ቀጥሎ ጥንታዊ ማዕረጉን መልሶ ያገኛል። ነገር ግን በኑል ብቸኛው የሚያሸንፈው አንድም ምርኮ ሳይወስድ ሲቀር ነው። ንጉሡ የሚከበረው መማረክ ውድቀት በሆነበት ጨዋታ ብቻ ነው።

የስካት እውነተኛ ታሪካዊ ሥራ ሌላ ይመስለኛል፤ ይኸውም ደንብን በስምምነት ማጽናት ነው። በ1848 በዚያችው ከተማ ዮሐን ፍሪድሪክ ሉድቪክ ሄምፔል የጨዋታውን ደንብ በመጽሐፍ አሳተመ። ሆኖም ሥርዓቱ በየአካባቢው ይለያይ ስለ ነበር፣ በ1886 ከሺህ የሚበልጡ ተጫዋቾች በአልተንቡርግ ጉባኤ ተሰብስበው አንድ የጋራ ደንብ አጸደቁ። በ1899 በሃሌ ከተማ ማኅበራቸውን መሠረቱ። ክርክር የሚዳኝ የስካት ፍርድ ቤትም አቋቋሙ። መስፍን ያላወጀው፣ ፖሊስ ያላስፈጸመው ሕግ ነበር፤ ያጸናው የተጫዋቾቹ ፈቃድ ብቻ ነው።

ይህ ሕግ ትልቁን ፈተና ያየው ጀርመን በ1949 ለሁለት መንግሥታት ስትከፈል ነው። አልተንቡርግና የካርታ ፋብሪካዋ በምሥራቅ ቀሩ፤ ማኅበሩ በምዕራብ፣ በቢሌፌልድ ተተከለ። ያን ጊዜ ከእኛ አገር ለትምህርት ወደ ላይፕሲግ የተጓዙ ወጣቶች ይኖሩበት የነበረው አካባቢ የዚሁ የተከፈለ ገበታ አንዱ ወገን ነበር። በምሥራቅ ብዙዎች በፍሬና በቅጠል፣ በምዕራብ ብዙዎች በፈረንሣይ ምልክቶች ይጫወቱ ነበር። በ1990 አገሪቱ ስትዋሐድ ጥያቄው ተነሣ፤ በማን ካርታ እንጫወት? መልሱ አንዱን ወገን ማንበርከክ አልነበረም። የፈረንሣዩን ምልክት ቅርጽ ይዞ የጀርመኑን ካርታ ቀለማት የለበሰ የውድድር ካርታ ተዘጋጀ፤ ከጥቁሮቹ አንዱ እንደ ቅጠል አረንጓዴ፣ ከቀዮቹ አንዱ እንደ ቃጭል ቢጫ ሆነ። ሁለቱም ወገኖች ከለመዱት ጥቂት ተዉ፤ ሁለቱም የራሳቸውን በካርታው ላይ አዩ።

በስካት ቋሚ ጠላት የለም፤ ቋሚ ወዳጅም የለም። አሁን ከጎኔ ሆኖ አሥሩን የጨመረልኝ ሰው በሚቀጥለው እደላ ብቻውን ሊገጥመኝ ይችላል፤ እኔም ከቀድሞ ባላጋራዬ ጋር ተሰልፌ እጠብቀዋለሁ። ይህ ሁሉ የሚቻለው ግን ሦስቱም ካርታው በትክክል መታደሉንና ነጥቡ በትክክል መቆጠሩን ሲያምኑ ነው። አንዱ ደንቡን የጣሰ ቀን አሸናፊም ተሸናፊም አይኖርም፤ ሦስት ሰዎች ከአንድ ጠረጴዛ ይነሣሉ፣ ካርታውም እንደ ተበተነ ይቀራል።