የሞተ ከርነል እንዴት ይመሰክራል?

አንድ ሰርቨር ሌሊት ይወድቃል፣ ራሱን ያስነሳል፣ ጠዋት ምንም እንዳልተፈጠረ ሥራውን ይቀጥላል። ምን ጣለው? ማስረጃው ሜሞሪው ውስጥ ነበር፤ ሲነሳ ግን ተጠርጎ ጠፋ። ምክንያቱ ካልታወቀ ደግሞ ነገም መውደቁ አይቀርም። ይሄ ችግር የዛሬ እንዳይመስላችሁ።

እ.ኤ.አ. በ1949 በእንግሊዙ ካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ኤድሳክ የተባለ ኮምፒውተር ሥራ ጀመረ። ሜሞሪው ሜርኩሪ የተሞሉ ቱቦዎች ነበሩ፤ ፕሮግራም የሚገባለት ደግሞ በተበሳ የወረቀት ጥብጣብ ነው። ፕሮግራሙ መሃል ላይ ሲቆም ባለቤቱ ማሽኑ ፊት ተገትሮ ትእዛዞቹን አንድ በአንድ እያስኬደ ስህተቱን ሊፈልግ ይችላል። ማሽኑ አንድ፣ ወረፋ ጠባቂው ብዙ! ስለዚህ ሌላ ዘዴ መጣ፤ ዊልክስ፣ ዊለርና ጊል በ1951 ባሳተሙት መጽሐፍም ውስጥ ይገኛል። ማሽኑ ሲቆም ሌላ ጥብጣብ ይገባል፤ እሱም ሜሞሪው ውስጥ የቀረውን በወረቀት ያትማል። ፕሮግራመሩ ወረቀቱን ይዞ ቦታውን ይለቅና ጠረጴዛው ላይ ይመራመራል። ስሙን «ፖስት ሞርተም» አሉት፤ የአስከሬን ምርመራ ማለት ነው።

ግን አንድ ጣጣ አለ። መርማሪው ራሱ ፕሮግራም ስለሆነ ሜሞሪ ውስጥ ካልገባ አይሠራም፤ ሲገባ ደግሞ እዚያ ቦታ የነበረውን ያጠፋል። ሐኪሙ አስከሬኑን ረግጦ እንደመግባት ነው። ይሄን ጣጣ ያዙልኝ።

በኋላ ሜሞሪ «ኮር» ከሚባሉ ጥቃቅን የመግነጢስ ቀለበቶች መሠራት ሲጀምር ግልባጩ «ኮር ዳምፕ» ተባለ። ቀለበቶቹ ከጠፉ ቆዩ፣ ስሙ ግን እስከዛሬ አለ።

ከዚያ ዩኒክስ መጣ። ከእሱ በፊት የነበረው መልቲክስ ከስህተት ለማገገም ብዙ ኮድ ተጽፎለት ነበር። የዩኒክስ ሰዎች ግን ነገሩን አቀለሉት፦ ከርነሉ፣ ማለትም የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት፣ ግራ ከገባው «ፓኒክ» የምትባል የኮድ ክፍል ትጠራና ማሽኑ በቃ ይቁም። በበርክሌይ የተሠራው ዩኒክስ ደግሞ ከመሞቱ በፊት ሜሞሪውን ዲስኩ ላይ ለስዋፕ በተያዘው ቦታ ይጽፋል፤ ሲነሳ ሴቭኮር የሚባል ፕሮግራም ያንን ፋይል አድርጎ ያስቀምጠዋል። ብልሃት ነው። ግን የሚጽፈው ማን ነው? እየሞተ ያለው ከርነል! ዲስኩን የሚያዝበት ኮድ ራሱ ተበላሽቶ ከሆነስ? ጤነኛውን መረጃ ሊያጠፋው ይችላል።

እ.ኤ.አ. በ2005 ሊኑክስ 2.6.13 ኬዳምፕ የሚባል መፍትሔ ይዞ መጣ፤ ለእኔ ከዚህ ታሪክ ሁሉ ትልቁ እርምጃ ይሄ ነው። ማሽኑ ሲነሳ ከሜሞሪው ትንሽ ክፍል ይታጠርና ሁለተኛ ከርነል እዚያ ተጭኖ ይቀመጣል። ዋናው ሲሞት ማሽኑ እንደ አዲስ አይነሳም፣ ቀጥታ ወደ ሁለተኛው ይዘላል። ስለዚህ የሟቹ ሜሞሪ አይጠረግም። ሁለተኛው ከታጠረው ክፍሉ ሳይወጣ የሟቹን ሜሞሪ እንደ ፋይል እያየ ዲስክ ላይ ይገለብጠዋል። ሐኪሙ በመጨረሻ የራሱን ክፍል አገኘ።

እና ዛሬ፣ በተለይ በቨርቹዋል ማሽን ላይ፣ የግልባጩ ማህደር ባዶ ሆኖ የሚገኘው ለምንድነው? አንዳንዴ ክፍሉ ጭራሽ አልታጠረም፦ ቅንብሩ «ሜሞሪው ከዚህ በላይ ከሆነ ያዝ» ይላል፣ ማሽኑ ደግሞ ትንሽ ነው። አንዳንዴ ታጥሯል ግን ጠባብ ነው፤ ሁለተኛው ከርነል ሜሞሪ ያልቅበትና እሱም ይወድቃል። በጣም የሚያበሳጨው ሦስተኛው ነው። ማሽኑ ከአንድ ሃይፐርቫይዘር ወደ ሌላ ሲዛወር የዲስኩ ዓይነት ይቀየራል። ዋናው ከርነል አዲሱን ድራይቨር ያገኛል፤ ለሁለተኛው ከርነል የተዘጋጀችውን ትንሽ የፋይል ጥቅል ግን ማንም አላደሳትም። ምስክሩ ይነቃል፣ ሁሉን ያያል፣ የሚጽፍበት ወረቀት የለውም።

ስለዚህ ቀድማችሁ ሞክሩት። ሊኑክስ ውስጥ ሁለተኛው ከርነል ከተጫነ 1፣ ካልተጫነ 0 የምትል ትንሽ ፋይል አለች። 1 ካለች በመሞከሪያ ማሽን ላይ ብቻ (እባካችሁ!) ከርነሉን ሆን ብላችሁ ጣሉትና የሲሪያል ኮንሶሉን መልእክት አንብቡ። ቨርቹዋል ማሽን ላይ ያንን መልእክት ከውጭ ሆኖ ፋይል ውስጥ መያዝ ቀላል ነው። የት ላይ እንደቆመ የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ቨርቹዋል ማሽን ሌላም ዕድል ይሰጣል፦ ከውጭ ያለው ሃይፐርቫይዘር ራሱ የእንግዳውን ሜሞሪ መገልበጥ ይችላል። አሁን ሐኪሙ ከነጭራሹ ከቤቱ ውጭ ነው። ግልባጩ ውስጥ የይለፍ ቃልም ሊኖር ስለሚችል ለማንም አይላክም፤ እሱ እንዳለ ሆኖ፣ የውጩ ሰው የቤቱን ካርታ አያውቅም። ከ2014 ጀምሮ ሊኑክስ ከአጥቂዎች ለመሸሸግ በተነሳ ቁጥር የከርነሉን አድራሻ ማቀያየር ስለሚችል ግምት አያዋጣም። ለዚህ ኬሙ በሚባለው ሃይፐርቫይዘር ላይ አንድ ስምምነት ተበጀ፦ እንግዳው ከርነል ገና ጤነኛ ሳለ፣ ሲነሳ፣ አድራሻውን የያዘች አጭር ማስታወሻ የት እንዳለች ለውጩ ይነግራል።